የውሃ ድብ በረሃብ ጊዜ ምን ትበላለች?

ልጆች፣ የዛሬዋ እንስሳ «የውሃ ድብ» ትባላለች፤ ሳይንቲስቶች ታርዲግሬድ ይሏታል። ድብ መባሏ ትንሽ ያስቃል፤ ርዝመቷ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነውና። ስምንት እግር አላት። ድንጋይ ላይ እንደ ምንጣፍ በሚበቅለው አረንጓዴ ሞስ ውስጥ ትኖራለች።

ሞሱ ሲደርቅ እሷም እግሮቿን ሰብስባ እንደ ቋንጣ ትደርቃለች። ውሃ ስታገኝ ትነቃለች። ስለዚህ ብዙ ሰው «የውሃ ድብ አትሞትም» ይላል። ተሳስቷል። እስቲ ሆዷን እንይ።

የአንጀቷ ግድግዳ የተሠራው ከአንድ ረድፍ ሴሎች ነው። ሴል በአማርኛ «ሕዋስ» ይባላል። እነዚህ ሕዋሳት ምግብ ይፈጫሉ፤ ስብም ያከማቻሉ። ስቡ ስንቋ ነው፤ «ስንቅ» ማለት ለመንገድ የሚያዝ ምግብ ነው። ረሃብ ሲጠና ሕዋሱ የገዛ ራሱን ያረጁ ክፍሎች በትንሽ ከረጢት ጠቅልሎ ይፈጫቸዋል፤ ያገኘውንም መልሶ ይጠቀምበታል። በእኛም ሰውነት ውስጥ ይህ ይሆናል። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ ይህንን በእርሾ ላይ አጥንተው በ2016 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል፤ አዎ፣ ዳቦ በሚነፋው እርሾ! ጉዳቱ ከበዛ ግን ሕዋሱ ይሞታል።

በ1983 እ.ኤ.አ. ከአንታርክቲካ የተወሰደ ሞስ በጃፓን ከ30 ዓመት በላይ በረዶ ሆኖ ተቀመጠ። በ2014 ሲቀልጥ ሁለት የውሃ ድቦች ነቁ። አንደኛዋ በመጀመሪያው ቀን እግሯን አንቀሳቀሰች፤ መብላት የጀመረችው ግን በ13ኛው ቀን ነው። በኋላም እንቁላል ጣለች። ሁለተኛዋ ከ20 ቀን በኋላ ሞተች።