«ሊያልቅብን ነው» በእንግሊዝኛ እንዴት እንላለን?

በዛሬው የቋንቋ ገጻችን በየጓዳው የማይጠፋ ቃል ይዘን ቀርበናል። ቃሉ «ረን አውት» ነው። «ረን» ሮጠ፣ «አውት» ወደ ውጭ ማለት ቢሆንም ሁለቱ ሲጣመሩ «አለቀ» የሚል ትርጉም ይሰጣሉ።

ምሳሌያችንን ከጎጃም ደጋ እናምጣ። በደብረ ማርቆስ አካባቢ ያለችው ሮብ ገበያ ስሟን ያገኘችው ከገበያዋ ቀን ነው። በሳምንታዊ ገበያ በሚኖር አገር፣ ማክሰኞ ማታ «ጨው ሊያልቅብን ነው» ያለች እማወራ በማግስቱ ገዝታ ትመለሳለች። ሐሙስ «ጨው አለቀብን» ያለች ግን ወይ ከጎረቤት ትበደራለች፣ ወይ ሳምንቱን ትጠብቃለች።

እንግሊዝኛም ሁለቱን ይለያል። የማክሰኞው «ዊ አር ረኒንግ አውት ኦፍ ሶልት» ነው። የሐሙሱ «ዊ ሃቭ ረን አውት ኦፍ ሶልት» ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በአማርኛ ባለቤቱ ጨው ነው፤ እኛ «አለቀብን» በሚለው ቃል መጨረሻ እንገባለን። በእንግሊዝኛ ግን እኛ ከፊት እንቀድማለን፤ ከዕቃው ስም በፊትም «ኦፍ» ይገባል። «ኦፍ ሶልት»ን ትተን «ዊ ራን አውት» ብቻ ብንል፣ ሰሚው «ሮጠን ወጣን» ያልን ሊመስለው ይችላል። ባለቤቱ ጨው ሲሆን ግን «ዘ ሶልት ሃዝ ረን አውት» ይበቃል፤ «ኦፍ» አያስፈልገውም።

«ዩዝ አፕ» ከሚለው ጋርም አናምታታው። እርሱ «ተጠቅሞ ጨረሰ» ማለት ነው፤ ጨራሽ አለው። በባሕር ማዶ እንግሊዝኛ በሚነገርበት ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህታችን የዘይቱን ማለቅ ለመንገር «አይ ዩዝድ አፕ ዘ ኦይል» ብትል፣ «ዘይቱን እኔ ጨረስኩት» ብላ በራሷ ላይ መሰከረች ማለት ነው። «ዊ ሃቭ ረን አውት ኦፍ ኦይል» ብትል ግን የሆነውን ነገረች እንጂ ራሷን አልከሰሰችም። ወደ ውጭ የምትሄድ ልጅ ያለችው ወላጅ ይህን ልዩነት አስቀድሞ ቢያስጠናት መልካም ነው።

ቃሉ ለጊዜም ያገለግላል፤ «ታይም ኢዝ ረኒንግ አውት» ማለት «ጊዜው ሊያልቅ ነው» ማለት ነው።

መልመጃ፦ «ስኳር ሊያልቅብን ነው» እና «ቡና አልቆብናል» የሚሉትን ከልጆቻችሁ ጋር በእንግሊዝኛ ጻፉ።