ይድረስ አሮጌ ዴስክቶፕ ጭነው ወደ ቤት ለሚገቡ

የምጽፈው ከቡራዩ ነው። መብራትም ከጠዋት ጀምሮ ስላልሄደ ደብዳቤዬን ቶሎ ልጨርስ።

የምጽፍልዎ ባለፈው ቅዳሜ አስኮ ላይ አብሮኝ በተሳፈረ ወጣት ምክንያት ነው። ሞኒተሩን በጋቢ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ፣ ሳጥኑን እግሩ ሥር አድርጓል። ረዳቱ ለሳጥኑም ሒሳብ ጠየቀው፤ ሳይከራከር ከፈለ። ሊወርድ ሲል «ለመሆኑ ከፍተህ አይተኸዋል?» ብለው «ኧረ እንዳይበላሽብኝ!» ብሎኝ ሄደ። ለእሱ ሳልነግረው የቀረሁትን ለእርስዎ ልንገርዎ። በአየር ጤና አድርገው ሰበታ ይግቡ፣ እንጦጦን ተሻግረው ሱሉልታ ይውረዱ፣ ወይም እኛው ጋ ይምጡ፣ ቃሌ አንድ ነው፦ ይክፈቱት።

ስልካችን ተጣብቆ ስለሚመጣ ኤሌክትሮኒክስ ሁሉ የማይነካ ይመስለናል። ዴስክቶፕ ግን እንዲከፈት ሆኖ የተሠራ ዕቃ ነው። የጎኑን ክዳን የያዙት ብዙ ጊዜ ሁለት ብሎኖች ናቸው፤ አንዳንዱማ ካቻቢቴም አያስፈልገው። ውስጡን አይቶ የማያውቅ ሰው ጥገና ቤት የተነገረውን ሁሉ ያምናል። «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» የተባለለት ስንቱ ሳጥን ራሙ በላጲስ ተጠርጎ ተነሥቷል!

ከመክፈትዎ በፊት ግን ጀርባውን ይዩ። የመብራት ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ ትንሽ ቀይ ማዞሪያ ካለች 115 ወይም 230 የሚል ቁጥር ይታይባታል። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ስለሆነ 230 ላይ መሆን አለባት። ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ሳጥን 115 ላይ እንደተተወ ሊደርስዎ ይችላል። እኔ የመጀመሪያዬን የጨረስኩት እንዲሁ ነው፦ ሰካሁት፣ ጧ አለ፣ የተቃጠለ ሽታ ቤቱን ሞላው። ሻጩ «ጥፋቱ ያንተ ነው» አለኝ። ተናደድኩ እንጂ ውሸቱን አልነበረም። ከ100 እስከ 240 ተብሎ የተጻፈበት ራሱን ያስተካክላል፤ እሱ አያስጋዎት።

አሁን ገመዱን ይንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይልቀቁ፣ ክዳኑን ያንሡ። መጀመሪያ የሚያዩት አቧራ ነው። በብሩሽ ያራግፉት፤ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣትዎ ያዝ አድርገው። ማዘርቦርዱ ላይ የቆሙትን ትንንሽ በርሜል መሳዮች አናታቸውን ይዩ፦ ጠፍጣፋ ከሆነ ደግ፤ ካበጠ ወይም ቡናማ ነገር ካፈሰሰ ዕድሜው አልቋል። በፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ ከተሠሩት ብዙዎቹ በዚህ ሕመም ሞተዋል። እንዲያውም ይህን ሱቁ ውስጥ፣ ብር ሳይቆጥሩ ቢያዩት ይሻላል። ክዳን ማስከፈት የማይወድ ነጋዴ ካጋጠመዎት ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ያቺ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ናት። ላይዋ ሲአር 2032 የሚል አለባት፤ 3 ቮልት ናት፤ ሥራዋ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ሰዓቱን መያዝ ነው። ስትሞት ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ታዲያ ምን ችግር አለው ይሉ ይሆናል። የድረ ገጽ የደኅንነት ማረጋገጫ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ስላለው፣ ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር ኢሜይልም ባንክም አልከፍት ይላል። ሰው ኢንተርኔቱን ይራገማል፣ ካርድ ይሞላል፣ እንደገና ይራገማል። ጎረቤቴ ባትሪዋን ቀይሮም አልከፍት አለው። ሄጄ ሳይ ለካ ዓመተ ምሕረቱን በእኛ ቆጠራ 2018 ብሎ ሞልቶታል! ማሽኑ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ፣ ገና ያልተሰጠ ማረጋገጫ እየቀረበለት ግራ ገብቶታል። የሳቅኩትን ያህል ቡና ጠጥቼ ወጣሁ።

ስለ መብራት ብዙ አልልም፤ ያውቁታል። የጅቡቲው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ከሰበታ ይነሣል፣ የሰበታ ሰው ደግሞ ሻማ ይገዛል። ዴስክቶፕ እንደ ላፕቶፕ ባትሪ የለውም። ስታብላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ቮልት ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ አያቆይዎትም፤ የሚያቆየው ዩፒኤስ ነው፣ ያውም ጽሑፍዎን አስቀምጠው በወግ እስኪያጠፉት ድረስ። ያገለገለ ዩፒኤስ ከገዙ ባትሪው የሞተ ነው ብለው ይነሡ። መብራት ሲሄድ ገመዱን ይንቀሉ፤ ጉዳት የሚያደርሰው አመጣጡ ነው።

ገንዘብ ከተረፈዎት ራም ለመጨመር አይቸኩሉ፤ የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ይተኩት። ዲስኩ የተያያዘው በሰፊ ግራጫ ጥብጣብ ከሆነ ግን ማሽኑ በጣም አሮጌ ነው፣ ገንዘብዎን ይያዙ። ዊንዶውሱም ባለ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ ራም ቢጨምሩበት አይጠቀምበትም።

ሻጩ የሚጭንልዎት ዊንዶውስ 10 ሊሆን ይችላል። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሞለታል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ አሮጌ ማሽን አይቀበልም፤ የውጭ ቢሮዎች ደህና ደህናውን ሳጥን የሚያወጡት አንድም በዚህ ነው፣ ለእኛ ለገዢዎቹ ክፉ ዜና አይደለም። እኔ ሊኑክስ ሚንት እጠቀማለሁ። ነፃ ነው፤ ቀለል ያለው ዓይነቱ በ2 ጊጋ ራም ይነሣል፣ በ4 ይመቸዋል። ሳይጭኑት ከፍላሽ አስነሥተው መሞከር ይቻላል። የሚሠሩበት ቢሮ የዊንዶውስ ፕሮግራም ግድ ካለዎት ግን አልከራከርዎትም።

አማርኛው በአራት ማዕዘን ሣጥን ከታየዎት ፊደሉ ስለሌለ ነው። ኒያላ የተባለው ፊደል ከዊንዶውስ ጋር መምጣት የጀመረው ከቪስታ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ለየብቻ ይጫን ነበር። የድሮ ደብዳቤ ከፍተው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ቢመጣብዎትም ፋይሉ ተበላሸ ብለው አይሰርዙት። በፓወር ግዕዝ ወይም በመሰሉ የተጻፈ ሊሆን ይችላልና ፊደሉን ሲጭኑ ይነበባል።

እግረ መንገዴን፣ ዲስኩ ውስጥ የሰው ሠርግ ፎቶ ካገኙ አይመልከቱ፤ ፎርማት ያድርጉት። የራስዎን ሲሸጡም ዲስኩን አውጥተው ያስቀሩት።

አቧራውን ደግሞ ደጅ ያራግፉት። እኔ ሳሎን አራግፌ፣ የታጠበው መጋረጃ እንደገና ታጥቦ እስኪሰቀል ድረስ ኮምፒውተሬ ሦስት ቀን በረንዳ ላይ አድሯል።

ከቡራዩ፣ አክባሪዎ