አማላ በርገር አይደለም

ጁሚያ ፉድ በ2023 መጨረሻ ናይጄሪያን ጨምሮ በሰባት ሀገራት ተዘጋ። ቦታውን ለመያዝ አዲስ አፕ የሚነድፍ ሁሉ መጀመሪያ ቡካ ገብቶ ይብላ።

ቡካ የሰፈር ምግብ ቤት ነው። የሌጎስ ደንበኛ ሜኑ አያነብም፤ ድስቶቹ ፊት ይቆማል። አማላውን (ከያም ዱቄት የሚገነፋ ነው፤ ያም የኛው ቦዬ ዘመድ) በጥቅል ቆጥሮ ያዛል፣ የኤዌዱና የግቤግሪ ወጡን ያስደባልቃል፣ ሥጋ፣ ጨጓራ፣ ፖንሞ በቁራጭ ይመርጣል። ፖንሞ የከብት ቆዳ ነው፤ አዎ፣ ይበላል!

ለበርገር የተሠራ አፕ ይህን ሁሉ «አማላ፦ 1» ብሎ ይጨርሰዋል። የቀረውን ደንበኛው ማስታወሻ ላይ ይጽፋል። ጭልፋ የያዘችው ሴት በምሳ ሰዓት ማስታወሻ የምታነብበት ጊዜ ከየት ታምጣ? ትእዛዙ ተሳስቶ ሲመለስ ኪሳራው እሷ ላይ እንዳይወድቅ እሰጋለሁ። ጥቅሉም ቁራጩም ለየብቻ ይቆጠር፤ ድስቱ ሲያልቅም በአንድ ንክኪ «አልቋል» የምትልበት ቁልፍ ይኑራት።