የቤት ዕቃና የቤት ሰው፤ እየጠፋች መልሳ ስለምትነሣ መሣሪያ

በዛሬው ጽሑፋችን የምንነጋገረው በብዙ ቤት ከቴሌቪዥን ኋላ ተሰክታ ስለምትገኝ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ነው። ይህች መሣሪያ በመጠኗ ከአውራ ጣት እምብዛም የማትበልጥ ስትሆን፣ ሥራዋ ከኢንተርኔት የሚመጣውን ሥዕልና ድምፅ ተቀብላ በቴሌቪዥኑ ላይ ማሳየት ነው። ሥራዋን በደኅና ስትሠራ የሚያስታውሳት የለም። እየጠፋች መልሳ የምትነሣ በሆነች ጊዜ ግን ቤተ ሰቡን ሁሉ ታበሳጫለች፤ አንዳንድ ጊዜም፣ ከዚህ በታች እንደምንተርከው፣ ጥፋት የሌለበትን ሰው ታስወቅሳለች።

ከጥቂት ወራት በፊት፣ በአንድ ቅዳሜ ማታ፣ በዕድሜ የገፉ አንዲት ጎረቤታችን የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ወደ ቤቴ መጡ። ልጁ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ዐይኖቹ ቀልተዋል፤ ሲያለቅስ እንደ ቈየም ያስታውቅ ነበር።

«መምህር፣ እስቲ ይፍረዱኝ» አሉ እትዬ። «ልጄ ከአሜሪካ የላከችልኝን መሣሪያ ይህ ልጅ ጨዋታ ጭኖ አበላሸብኝ። ነገ በ11 ሰዓት ታላቂቱ የልጅ ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ በቴሌቪዥን በቀጥታ ይታያል ብለውኛል። ባሕር ተሻግሬ ሄጄ ላያት አልችል፤ በዚሁ ልያት ብል ደግሞ ይኸው ተበላሸ። እንግዲህ ምን ይበጀኛል?»

ልጁ «እኔ አላበላሸሁትም» አለና አንገቱን ደፋ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረም።

አብረን ወደ ቤታቸው ሄድን። መሣሪያይቱ ስትከፈት የሠሪዋን ምልክት ታሳያለች፤ ቀጥሎም የመጀመሪያው ገጽ ይወጣል። አንድ ፊልም በተከፈተ ጊዜ ግን ጥቂት ደቂቃ ሳይቈይ ሥዕሉ ይጨልማል፤ ወዲያው የሠሪዋ ምልክት እንደ ገና ይታያል። እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ «መምህር ያውቃል» መባልን ስለምወድ ማንንም ሳልጠይቅ ሪሞቱን አነሣሁ። ሴቲንግ ከሚባለው ክፍል ገብቼም መሣሪያይቱን ከፋብሪካ እንደ ወጣች ወደምታደርገው ትእዛዝ ሄድሁና ተጫንሁት። በልቤም «ጨዋታው ከጠፋ በሽታው አብሮ ይጠፋል» ብዬ ነበር፤ በዚህም የእትዬን ክስ ሳልመረምር ማጽደቄ ነው።

የመጣውን መዘዝ ተመልከቱ። በመሣሪያይቱ ላይ የነበሩት አፖች ሁሉ ጠፉ፤ የዋይፋዩም፣ የዩቲዩቡም የይለፍ ቃል ጠፋ። መለያውን የከፈተችው በአሜሪካ ያለችው ልጃቸው ስለ ሆነች እርሷን በስልክ መፈለግ ግድ ሆነ፤ በሥራ ላይ ስለ ነበረችም እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ድረስ አልተገኘችም። በመጨረሻ የይለፍ ቃሉን ነገረችንና ሁሉን ከመነሻው አስገባን። ፊልም ከፈትን። ጥቂት ከታየ በኋላ ሥዕሉ ጨለመ፤ የሠሪዋም ምልክት መልሶ ወጣ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

ነገር ግን ከዚህ ስሕተት አንድ ነገር ተማርን። ጨዋታው በመሣሪያይቱ ላይ የለም፤ ሕመሙ ግን እንደ ቀድሞው አለ። ስለዚህ የሕመሙ ምክንያት ጨዋታው አልነበረም፤ ልጁም የተከሰሰው በሐሰት ነው። ይህን በተረዳሁ ጊዜ አፈርሁና ቀድሞ ማድረግ የሚገባኝን አደረግሁ፤ ልጁን ጠየቅሁት።

«የሚጠፋው መቼ መቼ ነው?»

«የመጀመሪያው ገጽ ላይ ከተውነው አንድ ሰዓትም ቢቈይ አይጠፋም፤ መምህር። የሚጠፋው ፊልም ሲጀመር ነው። የጀመረውም የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው።»

እንዲህ ያለ መልስ ከአንድ ትልቅ ሰውም ቢሆን የሚገኘው በስንት አንዴ ነው። እኔም «የዛሬ ሁለት ሳምንት በዚህ ቤት የተለወጠ ነገር ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ከቴሌቪዥኑ ኋላ ብንመለከት የመሣሪያይቱ ገመድ የተሰካው በቴሌቪዥኑ የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ሆኖ ተገኘ። አብሯት ከአሜሪካ የመጣው፣ በግድግዳ ሶኬት ላይ የሚሰካው የቻርጀር ራስ በስፍራው የለም። ብንፈልገው በእትዬ መኝታ ክፍል የእጅ ስልካቸውን ሲሞላ አገኘነው። የስልካቸው ቻርጀር ስለ ተበላሸባቸው ያንን ነቅለው የወሰዱት ራሳቸው ነበሩ። ገመዱንም በቴሌቪዥኑ ላይ ሲሰኩት መሣሪያይቱ ስለ በራች ነገሩ ሁሉ ደኅና መስሏቸው ነበር።

አሁን ይህ ለምን እንዲህ እንደ ሆነ እንመልከት። ይህች መሣሪያ ትንሽ ኮምፒውተር ናት፤ የምትሠራውም በ5 ቮልት ኀይል ነው። ዩኤስቢ 2 የሚባለው ዐይነት ቀዳዳ በደንቡ መሠረት የሚሰጠው 0.5 አምፔር ነው፤ 5 ቮልት በ0.5 አምፔር ሲባዛ 2.5 ዋት ይሆናል። ዩኤስቢ 3 የሚባለው 0.9 አምፔር፣ ማለት 4.5 ዋት ይሰጣል። የእትዬ መሣሪያ የቻርጀር ራስ ላይ የተጻፈው ግን 5 ቮልት፣ 1 አምፔር፣ ማለት 5 ዋት ነው፤ ከዚህም የሚበልጥ የሚሹ መሣሪያዎች አሉ። እንግዲህ መሣሪያይቱ ከሚያስፈልጋት ግማሹን ብቻ እያገኘች ነበር ማለት ነው።

በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሳለች ሥራዋ ቀላል ስለ ሆነ ግማሹ ይበቃታል። ፊልም ሲጀመር ግን የዋይፋይ ተቀባይዋ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ሥዕሉን የሚፈታው ክፍልም ይበረታል፤ የምትስበውም ኀይል በዚያው መጠን ይጨምራል። ቀዳዳው ያንን ያህል መስጠት ሲያቅተው ቮልቱ ይወርዳል፤ ቮልቱ ከልኩ በታች ሲወርድም ኮምፒውተር ሥራውን መያዝ ስለማይችል ወድቆ እንደ ገና ይነሣል። በሜዳ ላይ ሸክሟን ችላ የሄደች በቅሎ ዳገት ሲጀመር እንደምትንበረከክ ያለ ነው።

ቀጭንና ረጅም ገመድም ይህንኑ ጉዳት ያመጣል። የገመዱ ተቃውሞ ግማሽ ኦም ቢሆንና 1 አምፔር ቢያልፍበት በመንገድ የሚጠፋው 0.5 ቮልት ነው፤ ከቻርጀሩ 5 ቮልት ቢወጣም ከመሣሪያይቱ ዘንድ የሚደርሰው 4.5 ብቻ ይሆናል። ራስቤሪ ፓይ የተባለውን ትንሽ ኮምፒውተር ከቴሌቪዥን ጋር አያይዘው ለፊልምና ለሙዚቃ የሚያውሉ ሰዎች ይህን በዐይናቸው ያዩታል። ኀይሉ ከ4.63 ቮልት በታች ሲወርድ በመስታወቱ ጥግ ላይ የመብረቅ ምልክት ይወጣልና። ለአራተኛው ዐይነት ራስቤሪ ፓይ የሚታዘዘው ቻርጀር 5.1 ቮልትና 3 አምፔር ነው።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ያለችው መሣሪያ እየጠፋች የምትነሣ ብትሆን በዚህ ሥርዐት መርምራት።

አንደኛ፤ ምንም ሳትነካ ተመልከት። የጠፋችበትን ሰዓትና በዚያ ጊዜ ትሠራው የነበረውን በወረቀት ጻፍ። ሥዕሉ ቆሞ ክብ ምልክት ብቻ የሚዞር ከሆነ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የኢንተርኔቱ ነው። ደካማ ኢንተርኔት ሥዕልን ያቆማል እንጂ እንደ ተለመደው መሣሪያን አጥፍቶ አያስነሣም። እንደዚሁም ቴሌቪዥኑና ራውተሩ አብረው የሚጠፉ ከሆነ ጥፋቱ የመብራቱ ወይም የዲቫይደሩ ነው፤ ዲቫይደሩን መለወጥ ወይም ስታቢላይዘር ማስገባት ይገባል።

ሁለተኛ፤ ኀይሉን መርምር። ገመዱን ከቴሌቪዥኑ ነቅለህ አብሮ በመጣው የቻርጀር ራስ ከግድግዳ ሶኬት ላይ ሰካው፤ ገመዱንም በሌላ፣ አጭርና ወፍራም በሆነ ገመድ ለውጠህ ሞክር። አምፔሩ የበለጠ ቻርጀር መሣሪያይቱን ይጎዳታል ብለህ አትፍራ። ቮልቱ 5 እስከ ሆነ ድረስ መሣሪያይቱ የምትስበው የሚያስፈልጋትን ያህል ብቻ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ከሆነ ግን ሳትሰካው በፊት ጽሑፉን አንብብ። የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ቮልት ስለ ሆነ፣ በቻርጀሩ ላይ «100–240» የሚል ካልተጻፈ በእኛ ሶኬት ላይ አይሰካም።

ሦስተኛ፤ ሙቀቱን መርምር። በደኅና ጀምራ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የምትጠፋ፣ ካረፈች በኋላም መልሳ ደኅና የምትሆን ከሆነ ሙቀት ሳይሆን አይቀርም። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለው ጠባብ ስፍራ ይሞቃል፤ በዚያ ላይ የዳንቴሉ ልብስ ወርዶ ሲሸፍነው አየር የሚገባበት ቀዳዳ አይኖርም። ዳንቴሉን አንሣ፤ አቧራውን ጥረግ፤ በአጭር የኤችዲኤምአይ ማስረዘሚያም መሣሪያይቱን ከቴሌቪዥኑ ራቅ አድርጋት።

አራተኛ፤ ፕሮግራሞቿን መርምር። የምትጠፋው አንድ አፕ ሲከፈት ብቻ ከሆነ ያንን አፕ አጥፍተህ እንደ ገና ጫነው። ማከማቻዋ ሞልቶ እንደ ሆነ የማትጠቀምባቸውን አፖች ቀንስ። ከሠሪዋ የመጣ ማሻሻያ ካለም ጫን፤ ነገር ግን ማሻሻያው እስኪያልቅ ድረስ ገመዱን አትንቀል። መካከል ላይ የተቋረጠ ማሻሻያ መሣሪያን ከሠሪዋ ምልክት እንዳታልፍ አድርጎ ያስቀራልና።

አምስተኛና የመጨረሻው፤ ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልዳነች ብቻ ወደ ፋብሪካ ሁኔታዋ መልሳት። ከዚያ በፊት ግን የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ በደብተር ጻፍ።

የመጨረሻው ለምን የመጨረሻ እንደ ሆነ የሚያስረዳ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በየካቲት ወር መጨረሻ 2017 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቈጣጠር ማርች 9 ቀን 2025፣ በ2015 የወጣው ሁለተኛው ዐይነት ክሮምካስት በልዩ ልዩ አገር በአንድ ጊዜ ሥራ አቆመ። ምክንያቱ በውስጡ ያለው የመታወቂያ ሰርተፊኬት ጊዜው ስላለፈበት ነበር እንጂ በማንም ቤት የደረሰ ጥፋት አልነበረም። ሠሪው ጎግል መሣሪያውን ወደ ፋብሪካ ሁኔታ እንዳይመልሱት ደንበኞቹን አስጠነቀቀ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ማስተካከያውን በኢንተርኔት መላክ ጀመረ። ታግሠው የጠበቁት መሣሪያቸው በራሱ ጊዜ ተነሣላቸው፤ ቸኩለው ያጠፉት ግን እንደ ገና ለማስገባት ተቸገሩ። አንዳንዱ ሕመም የሚድነው በመጠበቅ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ደንብ አትርሳ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ። ገመዱንም፣ ቻርጀሩንም፣ አፑንም በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው መሣሪያው ቢድንለትም በምን እንደ ዳነ አያውቅም፤ ነገም ቢታመምበት መድኀኒቱን ከየት እንደሚያመጣ ግራ ይገባዋል።

ወደ ጎረቤታችን ቤት እንመለስ። በዚያች ሌሊት የቻርጀሩን ራስ ወደ ስፍራው መለስነው፤ ፊልምም ከፍተን አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅን። አልጠፋችም። እትዬ በወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ቈዩና ልጁን ጠሩት። «ልጄ፣ ያጠፋሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ በሰው ፊት ከሰስሁህ። ይቅር በለኝ» አሉት። ልጁ ሲደነግጥ አየሁ፤ ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲጠይቀው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። እኔም ቀጠልሁ፤ «እኔም ሳልጠይቅህ ፈርጄብሃለሁ፤ የጫንኸውንም ጨዋታ አጥፍቼብሃለሁ» አልሁት። እርሱም «ምንም አይደለም፤ መምህር። ጨዋታውን መልሼ እጭነዋለሁ» አለ። እትዬ ሳቁ፤ እንዳይጭነውም አልከለከሉትም።

በማግሥቱ በ11 ሰዓት ጎረቤት ሁሉ በእትዬ ቤት ተሰበሰበ። ሥነ ሥርዐቱ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀ። የልጅቱ ስም በተጠራ ጊዜ እትዬ እልል ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ልጁ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ሆኖ ማንም ገመዱን እንዳይነካ ይጠብቅ ነበር። የእትዬ ስልክ ባትሪ ግን በመካከሉ አለቀ፤ ቻርጀሩን የሚያነሣባቸው አጥተው እስከ መጨረሻው ጠፍቶ ቈየ።

ከቤት ዕቃ አንዱ ሲበላሽ «ማን አበላሸው?» ከማለት በፊት «መቼ ጀመረው? በምን ጊዜ ይጠፋል? ምንስ ተለወጠ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። መልሱንም ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ከቤቱ ሰው ሁሉ የሚያንሰው ልጅ ነው። ለዛሬው ይህን ያህል ይበቃል።