ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሠራው ማነው? የሬዲዮ አማተሮች፣ የመኪና ክለቦችና ማንም ያልጠራቸው በጎ ፈቃደኞች

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ላይ የሆነውን የሚረሳ የለም። መጀመሪያ ናዳ ወረደ። ጎረቤቱ አካፋና ዶማውን ይዞ የተቀበረውን ሊያወጣ ሮጠ። ሁለተኛው ናዳ ደግሞ ሊያወጡ የሄዱትን ቀበረ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከዚያ የፈንታሌው መጣ። መሬቱ ለሳምንታት ሲንቀጠቀጥ ከረመ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 የደረሰው በመለኪያው 5.7 ነበር፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሣ። ኅዳር 2018 ላይ ደግሞ አፋር ውስጥ ኃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻገረ።

እንዲህ ያለ ነገር በደረሰ ቁጥር ሁለት ጥያቄ ይመጣል። ወሬውን ማን ያወጣል? መንገድ በሌለበትስ ማን ይደርሳል? እኛ አገር ለሁለቱም የምንሰጠው መልስ አንድ ነው፤ "መንግሥት"። መንግሥት ግን የሚደርሰው ስልክ ከተደወለለት በኋላ ነው፤ ስልኩ ደግሞ የሚሠራው ማማው ካልወደቀና መብራቱ ካልጠፋ ነው።

ሌላው ዓለም ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሁለት ዓይነት ሰው አስቀምጧል። ደመወዝ አይከፈላቸውም። ብዙዎቹ ሚስቶቻቸው "ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?" የሚሏቸው ናቸው። አንደኞቹ በሬዲዮ ያበዱ፣ ሁለተኞቹ በመኪና ያበዱ። ሁለቱም ዓይነት ሰዎች ኢትዮጵያ ውስጥም አሉ። ያልተደራጀው የሚጠሩበት መንገድ ነው።

ከሬዲዮው እንጀምር። አማተር ሬዲዮ ማለት እንደ ኤፍኤም ጣቢያ ዘፈን ማጫወት አይደለም። ፈቃድ ያለው ግለሰብ በራሱ መሣሪያ ከሌላ ፈቃድ ካለው ሰው ጋር የሚነጋገርበት ነው። ማማ የለው፣ ሲም ካርድ የለው፣ ወርሃዊ ክፍያ የለው። መሣሪያው የሚሠራው በ13.8 ቮልት ነው፤ በሌላ አነጋገር በመኪና ባትሪ። 100 ዋት ያላት አንዲት ሬዲዮ፣ አንድ ባትሪና 20 ሜትር ገደማ ሽቦ ካለ ጣቢያ ተቋቋመ ማለት ነው።

ለኢትዮጵያ የሚገርመው የተራራው ነገር ነው። የእጅ ሬዲዮ ተራራ ያቆመዋል፣ ሞባይልም እንደዚያው፤ ሰሜን ሸዋ ወይም ጋሞ ደጋ ላይ አንድ ጋራ ዞር ስትሉ የምታውቁት ነገር ነው። 7 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ግን ሽቦውን መሬት አስጠግቶ መዘርጋት ነው። ሞገዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከላይኛው የከባቢ አየር ንብርብር ነጥሮ ይመለሳል፣ ከተራራው ወዲያ ማዶ እንደ ዝናብ ይወርዳል። በደህና ቀን 300 እና 400 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ይሸፍናል። ለሸለቆ አገር የተሠራ ይመስላል።

ይሄ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ቅርብ ምሳሌ እንይ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2024 ሄሊን የሚባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካኗን ምዕራብ ኖርዝ ካሮላይና ሲመታ መንገዱም፣ መብራቱም፣ ሞባይሉም አብሮ ሄደ። አሜሪካ ናት እንግዲህ፤ ገንዘብ የቸገራት አገር አይደለችም። ማውንት ሚቸል የሚባል 2,037 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ላይ አማተሮች ያቆሟት አንዲት ሪፒተር ግን ቀጥ ብላ መሥራቷን ቀጠለች። ሪፒተር ማለት ድምፅ ተቀብሎ ከፍ አድርጎ መልሶ የሚያሰራጭ መሣሪያ ነው። በዚያች በኩል ሰዎች ለቀናት "እገሌ ሰፈር ኢንሱሊን አለቀ"፣ "ይሄኛው ድልድይ ፈርሷል"፣ "እናቴ ደህና ነች ወይ?" ሲባባሉ ነበር። ከጀርባው ያሉት ጡረታ የወጡ መምህራን፣ ኤሌክትሪሺያኖች፣ ሱቅ ያላቸው ሰዎች ናቸው።

እነዚህ ሰዎች በዚያ ሳምንት ድንገት ጀግና የሆኑ አይደሉም። ለዓመታት በየሳምንቱ በቀጠሮ ሰዓት ሬዲዮ ከፍተው ተራ በተራ ስም ሲጠራሩ የኖሩ ናቸው። ሲያዩት አሰልቺ ነው፤ "እገሌ አለሁ፣ እገሌ አለሁ" ብቻ። ሰላም በሆነ ጊዜ ደግሞ ማራቶን ላይ ያገለግላሉ። ቦስተን ማራቶን ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ አማተሮች በየሕክምና ጣቢያውና በየአውቶቡሱ ይመደባሉ፤ ዋሽንግተን ውስጥ የማሪን ኮር ማራቶን ላይም እንዲሁ። ቦስተን ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 ቦምብ ሲፈነዳ ሞባይል ተጨናንቆ ሰው ለሰው መደዋወል ሲያቅተው እነሱ ቀድመው ቦታቸው ላይ ነበሩ። ለሩጫ ነበር የመጡት።

በነገራችን ላይ፣ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ አንባቢዎቻችን፦ የአሜሪካን የመጀመሪያ ደረጃ ፈቃድ ለማግኘት ዜግነት አይጠየቅም። ፈተናው 35 ጥያቄ ነው፤ 26 ያገኘ ያልፋል። የሞርስ ኮድ መጠየቅ እ.ኤ.አ. በ2007 ቀርቷል። ፈታኞቹ ራሳቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የመንግሥት ክፍያው 35 ዶላር ነው። ሰው እንዴት ይሄን ሳይሰማ ይኖራል ብለን ነው።

ወደ አገር ቤት እንመለስ። ኢትዮጵያ በዚህ ነገር አዲስ አይደለችም። በንጉሡ ዘመን ኢቲ3 በሚል የመጥሪያ ስም የሚነጋገሩ አማተሮች ነበሩ፤ አሥመራ ቃኘው ጣቢያ የነበሩት አሜሪካኖችም የራሳቸው ክለብ ነበራቸው። በደርግ ጊዜ ድምፁ ጠፋ። ከደርግ ውድቀት በኋላ ተመለሰ። ዛሬ አምስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ክለብ ጣቢያ አለ፤ የመጥሪያ ስሙ ኢቲ3ኤኤ ነው። ውጭ ያሉ አማተሮች ይህችን ስም ከሰሙ ተሻምተው ነው የሚጠሯት፤ ኢትዮጵያን ማግኘት ለእነሱ ብርቅ ነው። የምህንድስና ተማሪዎች የሚሠለጥኑበት ነው። እውነት ለመናገር ከተማው ውስጥ በበሩ አጠገብ ካለፈው መቶ ሰው አንዱ እንኳ መኖሩን የሚያውቅ አይመስለንም።

ችግሩ፣ ጎፋ ላይ ናዳ ቢወርድ አምስት ኪሎ ያለ ጣቢያ ብቻውን ምንም አይፈይድም። መስመር ሁለት ጫፍ ይፈልጋል። ሳውላ ላይ፣ ሰመራ ላይ፣ ደብረ ብርሃን ላይ፣ ጎባ ላይ መልስ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ የፊዚክስ መምህር ወይም የጤና ጣቢያ ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ የግድ ከአዲስ አበባ አይሄድም።

ለምን አልተስፋፋም? ብዙ ሰው "ድህነት ነው" ይላል። ዋጋው ቀላል አይደለም፣ እውነት ነው፤ ግን ዋናው ምክንያት ፍርሃት ነው ባይ ነን። ጦርነት ባየ አገር፣ ከጥቅምት 2013 በኋላ ትግራይ ስልኳ ተቆርጦ በከረመችበት፣ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ አማራ ክልል ኢንተርኔት በተዘጋበት አገር፣ "ግለሰብ ቤቱ ሬዲዮ ያቁም" ስትል የጸጥታ ሰው ዓይኑ ይፈጣል። ስጋቱን ንቀን አናልፈውም፤ ሬዲዮ ከጦር ሜዳ ጋር የተያያዘ ዕቃ ነው።

ግን አንድ ነገር ይታይ። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደንብ በተለያዩ አገሮች ያሉ አማተሮች ሲነጋገሩ መልእክታቸውን በምስጢር ኮድ እንዳይሸፍኑ ይከለክላል። የሚሉትን ማንም ሬዲዮ ያለው ሰው ይሰማል። የመጥሪያ ስማቸውን በየጊዜው መናገር ግዴታ ነው። ሴራ መሸረብ የፈለገ ሰው በዓለም ላይ ካሉ መገናኛዎች ሁሉ የመጨረሻው የሚመርጠው ይሄንን ነው፤ ኪሱ ውስጥ ያለው የስልክ መተግበሪያ በብዙ እጥፍ ይሻለዋል። ያው ደንብ ደግሞ አባል አገሮች አማተሮች ለአደጋ ጊዜ እንዲዘጋጁ መንገድ እንዲያመቻቹ ያበረታታል። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፍሪኩዌንሲ የማስተዳደር ሥልጣን አለው። ስለዚህ "የሚመለከተው አካል" ስሙ የሚታወቅ ነው።

እንግሊዞች እዚህ የደረሱት በመከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የሰሜን ባሕር ጎርፍ እንግሊዝ ውስጥ 307፣ ሆላንድ ውስጥ ከ1,800 በላይ ሰው ገደለ። ከዚያ በኋላ ሬይኔት የተባለው የአማተሮች የአደጋ ጊዜ መረብ ተቋቋመ። ዛሬ የእንግሊዝ አማተር ፈቃድ ራሱ ውስጥ እንደ ቀይ መስቀልና ፖሊስ ያሉ ተቋማትን ወክሎ መልእክት ማስተላለፍ እንደሚቻል ተጽፏል። ማን ለማን እንደሚሠራ ስለተጻፈ በአደጋ ጊዜ "አንተ ማነህ? ማን ላከህ?" የሚባል ክርክር የለም።

አሁን ወደ መኪናው። እዚያው እንግሊዝ ፎር ባይ ፎር ሪስፖንስ የሚባሉ ቡድኖች አሉ። አባላቱ ቅዳሜና እሁድ ጭቃ ውስጥ መንዳት የሚወዱ ሰዎች ናቸው። በረዶ መንገድ ሲዘጋ ነርሷን ከቤቷ ወደ ሆስፒታል፣ መድኃኒቱን ከሆስፒታል ወደ ታማሚው ያደርሳሉ። መኪናውም ነዳጁም በአብዛኛው የራሳቸው ነው።

እኛስ? አዲስ አበባ ላይ የቮልስ ፍቅር ያለባቸው ሰዎች ተሰልፈው ሲነዱ አይታችኋል። ላንድክሩዘር ይዘው ገጠር ለገጠር የሚዞሩ አሉ። ከነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች በቴሌግራም ተሰባስበው ቻርጅ የት እንዳለ፣ መንገድ ላይ የቆመውን ማን እንደሚጎትት ይነጋገራሉ። ይሄ እኮ በጎ ፈቃድ ነው፤ ስሙን ስላልሰጠነው እንጂ። ሾፌር ሾፌርን መንገድ ላይ ጥሎ የማያልፍበት ባህል ያለው አገር ነው።

የጎደለው ከመኪናው ባለቤት ጫፍ እስከ ወረዳው አደጋ ሥጋት ቢሮ ያለው ድልድይ ነው። አንድ ባለ ላንድክሩዘር ነገ "ልርዳ" ብሎ ቢነሣ ለማን ይደውላል? ኬላ ላይ ምን ወረቀት ያሳያል? በተልእኮ ላይ እያለ ሰው ቢገጭ መድኑ ይሸፍንለታል ወይ? አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር ባለፈበት ጊዜ ነዳጁን ማን ይሞላለታል? እነዚህ ካልተመለሱ "ኑና እርዱ" ማለት ሰውን ለችግር መጥራት ነው።

መታወቅ ያለበት ሌላም ነገር አለ። ያልተጠራ በጎ ፈቃደኛ ሸክም ነው። አደጋ ቦታ በየአቅጣጫው መኪና ሲጎርፍ አምቡላንስ ማለፊያ ያጣል። ሬዲዮ የያዘ ሁሉ አንድ ላይ ሲጮህ ተፈላጊው መልእክት ይዋጣል። አሜሪካ ውስጥም "ጀግና ልሁን" ባይ አማተር ያስቸገረበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ነው ልምምዱ ከመሣሪያው የሚበልጠው፤ ማን መቼ ይናገራል፣ ማን ዝም ብሎ ያዳምጣል የሚለው።

እኛ አገር በጎ ፈቃድ ሲባል የሚታየው ክረምት ላይ ችግኝ መትከልና የአቅመ ደካማ ቤት ማደስ ነው። ጥሩ ሥራ ነው። ግን የሚቆጠረው ስንት ሰው ወጣ፣ ስንት ችግኝ ተተከለ የሚለው ነው። ይህ ሰው ምን ያውቃል? የሚል ቅጽ የለም። ሬዲዮ መጠገን የሚችል ኢንጂነርና ገደላ ገደል መንዳት የሚችል ሾፌር እኩል አካፋ ይዘው ይቆማሉ። የሰፈር እድር እንኳ ከዚህ ይሻላል፤ ጡሩምባ የሚነፋው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ወጥ የሚሠራው ሰው ማን እንደሆነ ቀድሞ ይታወቃል፤ ሰው ሲሞት ስብሰባ አይጠራም።

ታዲያ የት ይጀመር? ማንንም የማያስፈራ ቦታ አለ። ታላቁ ሩጫ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው መስቀል አደባባይ ዙሪያ ይሰበሰባል፣ ስልክ ይጨናነቃል፣ 10 ኪሎ ሜትሩ ላይ የሚወድቅ ሯጭ አይጠፋም። የአምስት ኪሎ ተማሪዎች የእጅ ሬዲዮ ይዘው በየኪሎ ሜትሩ ይቁሙ። ጥቂት ባለ መኪኖች ተመዝግበው፣ ወረቀት ተሰጥቷቸው፣ ከሩጫው መስመር ውጭ ባሉ መንገዶች ላይ ይጠብቁ። ቀይ መስቀል አምቡላንሱን የሚጠራው በእነሱ በኩል ይሁን። ባለሥልጣኑ ለዚያች አንዲት እሁድ ብቻ የሚያገለግል ፈቃድ ይስጥ፤ የሚሉትንም ቁጭ ብሎ ይስማ፣ ክፍት ነው። ካልሠራ ሰኞ ጠዋት ሬዲዮው ተሰብስቦ ሣጥኑ ውስጥ ይገባል። ከሠራ ደግሞ ቀጣዩ ልምምድ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ፣ ክረምት ሳይገባ፣ ናዳ ከሚያሠጋቸው ወረዳዎች በአንዱ ይሁን።