አውራ ጣትና ውክልና

ከደብረ ታቦር አጠገብ ካለችው ከጋፋት ለትምህርት ወይም ለሥራ የወጣ ልጅ አንድ ቀን «አንተ ፊደል ቈጥረሃልና ጉዳዬን ጨርስልኝ» የሚል የእናት ቃል ይደርሰዋል። ለልጁ ቃሉ ይበቃዋል፤ ባንክና መሥሪያ ቤት ግን የውክልና ወረቀት ይጠይቃሉ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1728 ማንበብ የማይችል ሰው በአውራ ጣቱ ምልክት እንዲፈርም ይፈቅዳል። ነገር ግን ምልክቱ የሚጸናበት አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ሲያረጋግጠው ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 922ም ውክልና ተረጋግጦ እንዲመዘገብ ያዛል። እንግዲህ ወረቀቱን ቤት ወስዶ ጣት አስነክቶ መመለስ ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው ቁም ነገር የውክልናው ስፋት ነው። ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ያገለግላል፤ ይኸውም ዕዳ ለመሰብሰብና ለመክፈል፣ ቤትንም ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ለማከራየት ነው። ቤት ለመሸጥ፣ በመያዣ ለመስጠት ወይም ስጦታ ለማድረግ ግን በቍጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ የሚሠራው ሥራ በግልጽ ይጻፍ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ እናትህ ከመፈረማቸው በፊት ወረቀቱ ቃል በቃል ይነበብላቸው። ውክልናውን በፈለጉ ጊዜ ለመሻር መብት እንዳላቸውም ንገራቸው። ሳይገባቸው የፈረሙት ወረቀት ነገ ወንድምና እኅትን ፍርድ ቤት ያቆማልና።