መደብሩ ክፍት ነው ማለት ደኅና ነው ማለት አይደለም



ባለፈው ስብሰባችን ከአውቶቡስ ማቆሚያው ማዶ ስላለው ትልቅ መደብር ክርክር ተነሥቶ እንደ ነበር የተገኛችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። «ሌሎቹ ቅርንጫፎች አንድ በአንድ ሲዘጉ የኛው አልተዘጋም፤ ጠንካራ ቢሆን ነው፤ ደግሞም እኛን አስበው ነው» ያሉ ነበሩ። አንዲት እናታችን እንዲያውም «ተዉ ልጆቼ፣ አታሟርቱበት» ብለውናል። እሳቸውን እናከብራለን፤ ነገሩን ግን በዝምታ ማለፍ አልቻልንም። በዚህ ተስፋ ገንዘባቸውን እዚያ ያስቀመጡ ጎረቤቶች አሉ፤ እዚያው ቆመው የሚሠሩ ልጆችም አሉን።

እስቲ ዐይናችንን ወደ ታላላቆቹ እናንሣ። ሲርስ በዘመኑ የአሜሪካ ትልቁ ቸርቻሪ ነበር። ኬማርትም እ.ኤ.አ. በ1962 ሚሺጋን ውስጥ በአንድ ሱቅ ጀምሮ ከ2 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር። በ2005 ሁለቱ በኤዲ ላምፐርት መሪነት ሲዋሐዱ 3 ሺህ 500 ያህል መደብሮች ነበሯቸው። በኦክቶበር 2018 ለኪሣራ ፍርድ ቤት አመለከቱ። በ2019 መጀመሪያ የላምፐርት ድርጅት ከተረፉት 425 ያህሉን ከነሌላው ንብረት በ5.2 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ከዚያ ወዲህ የሆነው መዝጋት፣ መዝጋት፣ አሁንም መዝጋት ነው። በኦክቶበር 2024 ኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ብሪጅሃምፕተን የነበረው ሲዘጋ በዋናው የአሜሪካ ምድር ሙሉ መጠን ያለው ኬማርት አበቃለት።

ታዲያ በእነዚያ ዓመታት አንዱ ሰሜን፣ አንዱ ደቡብ ተበታትነው የቆዩት ሱቆች በምን ተመረጡ? ለንግድ ያሰበ ሰው እንዲህ አይመርጥም። አንድ የጭነት መኪና በአንድ ጉዞ ለአሥር ሱቅ ሲያራግፍ ወጪው ለአሥር ይከፈላል፤ ለአንድ ብቸኛ ሱቅ ሲነዳ ሙሉው ወጪ በዚያው በአንዱ ላይ ያርፋል። ማስታወቂያውም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ምክንያቱ ከመደርደሪያው ላይ ሳይሆን ከወረቀቱ ውስጥ ነው የሚገኘው።

አንደኛው ወረቀት የኪራይ ውል ነው። ለምሳሌ ያህል ኪራዩ በወር 30 ሺህ ዶላር ነው እንበል፤ ውሉ ገና አምስት ዓመት ይቀረዋል። ሱቁ የዕቃውን ዋጋና ደመወዙን ከፍሎ በወር 10 ሺህ ይተርፈዋል። ክፍት ሆኖ 20 ሺህ ይከስራል፤ ቢዘጋ ግን ኪራዩ አይቀርለትምና 30 ሺህ ይከስራል። ስለዚህ ይከፍታል። ይህ ጥንካሬ ነው ወይ? አይደለም! ከሁለት ኪሣራ ትንሹን መምረጥ ነው። ውሉ ከብዙ ዓመት በፊት በርካሽ የተፈረመ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ባለቤቱ ቦታውን ለሌላ ሥራ ሲፈልገው ተከራዩን ለማስወጣት ገንዘብ መክፈል አለበት። ተከራዩም ያንን ቀን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ሁለተኛው መሬቱ ነው። ሲርስ በ2015 ከ200 በላይ ይዞታዎቹን ሴሪቴጅ ለተባለ አዲስ የንብረት ኩባንያ በ2.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሸጦ፣ አብዛኛውን መልሶ ተከራየ። የኩባንያው ሊቀመንበርም ያው ላምፐርት ነበር። እንግዲህ መሬቱ ከሸቀጡ በላይ ሲከብድ፣ ገዢ ወይም የግንባታ ፈቃድ እስኪመጣ ድረስ ሱቁ የቦታ ጠባቂ ይሆናል ማለት ነው።

ሦስተኛው የተረፈ ዕቃ ነው። ከተዘጉት ሱቆች የተሰበሰበው የግድ የሆነ ቦታ መራገፍ አለበት።

እርግጥ ነው፣ በሐቅ ያተረፈ ብቸኛ ሱቅም ይኖራል። የብሪጅሃምፕተኑ ሲዘጋ በፓሲፊክ ደሴት በጉዋም ያለው ኬማርት ክፍት ነበር፤ በደሴት ላይ አማራጩ ጥቂት ነውና ገበያተኛው አይሸሽም። የኛ ሰፈር ግን ደሴት አይደለም። በአሥር ደቂቃ መንገድ ውስጥ ሦስት ሌላ መደብር አለ።

«እና ምን አገባን? ክፍት እስከሆነ እንገዛለን» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ይግዙ። ጨው የገዛ ሰው ጨዉን ይዞ ይሄዳል። የስጦታ ካርድ የገዛ ግን ተስፋ ነው የገዛው፤ ድርጅቱ ከከሰረ እንደማንኛውም ባለዕዳ ጠያቂ ተሰልፎ ይጠብቃል። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይህ ነው። የአምስት ዓመት ዋስትና የሚሸጥልን መደብር ራሱ አምስት ዓመት ይቆይ እንደሆነ ማን ጠየቀ?

ሠራተኛውማ የባሰ ነው። በፌዴራሉ ሕግ 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ቢያንስ 50 የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች የሚፈናቀሉበትን ቦታ ሲዘጋ የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ሰው ሲለቅ ሳይተካ፣ ሰዓት ሲቀንስ ቆይቶ 30 ሰው የቀረው ሱቅ ግን በዚህ ሕግ አይሸፈንም። የኛዎቹ ልጆች ከዓመት ወደ ዓመት ስንት እንደቀሩ ቆጥረን እናውቃለን። የሲርስን ሠራተኞች ጡረታ እንኳ በ2019 የፌዴራሉ የጡረታ ዋስትና ድርጅት ነው የተረከበው፤ 90 ሺህ ያህል ሰዎች ነበሩ።

ስለዚህ ውድ ጎረቤቶቻችን፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንላለን።

የስጦታ ካርድ ያላችሁ በዚህ ሳምንት ዕቃ ግዙበት። ማቀዝቀዣም ሆነ ልብስ ማጠቢያ ስትገዙ የተራዘመ ዋስትና ከመደብሩ ሳይሆን ከፋብሪካው የሚሰጥ መሆኑን ጠይቁ። ቀብድ በጥሬ ገንዘብ አትስጡ፤ በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው ዕቃው ካልመጣ ክፍያውን መከራከር ይችላል። እዚያ የምትሠሩ ልጆቻችን ደግሞ የደመወዝ ወረቀታችሁንና ያልተወሰደ ፈቃዳችሁን መዝግባችሁ ቤት አስቀምጡ፤ ሌላ ሥራ መፈለግም ክህደት አይደለም።

ማኅበራችንም ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ የሚቀርቡ ሁለት ጥያቄዎች አዘጋጅቷል፦ የኪራይ ውሉ መቼ ያበቃል? ለሠራተኛው የስንት ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል? መልስ ከሰጡ እዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን። ካልሰጡም ዝምታቸውን እንለጥፋለን።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ፊርማችሁን ከዚህ በታች በተሰቀለው ወረቀት ላይ አስፍሩ።

የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር